ሁለት ዓመት ለጥንቃቄ

የምናመርተው ሳሙና ነበር፤ እጃችንን የምንታጠብበት ውሃ ግን አልነበረንም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ማማረር ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ያን ጉልበት ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ሱሉልታ ያለው ፋብሪካችን ካርቶን ሙሉ ሳሙና በመኪና እየጫነ ሲልክ፣ የቧንቧው ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ ለማሽኑ እንጂ ለሰው አይተርፍም። ያ ዓለምን ያዳረሰው በሽታ ገብቶ "እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ" የሚል ወረቀት በየግድግዳው ሲለጠፍ፣ የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ወረቀቱን አንብበው እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። በኋላ የጥገና ክፍሉ ልጆች አንድ በርሜል በስተው፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል አበጅተው በሩ ላይ አቆሙልን። ለጥቂት ወራት ኩራታችን ያ በርሜል ነበር።

እኔ የዚያ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነኝ። ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ማን አረፈደ የሚለውን እጽፋለሁ፤ የሠራተኛው ፋይልም በእኔ ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚቆለፈው። የምኖረው ቡራዩ፣ በኪራይ ቤት ነው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰርቪሱ ያነሳንና በአስኮ፣ በዊንጌት፣ በአዲሱ ገበያ አድርጎ፣ እንጦጦን ወጥቶ ሱሉልታ ያወርደናል። እንጦጦን ካለፍን በኋላ ብርዱ ሌላ ነው። ቡራዩ ላይ በሹራብ የተነሳ ሰው ሱሉልታ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

በሩ ላይ የሚቀበሉን አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ በስማቸው የሚጠራቸውም አልነበረም። ሁሉም "ኦቦ" ነው የሚላቸው። የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከፋብሪካው ቁልቁል ወንዙን ተሻግሮ ነው። ፋብሪካው የቆመበት መሬት አንዱ ጥግ የእሳቸው የገብስ ማሳ ነበር ይባላል። እኔ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አንስተውት አያውቁም። ጠዋት ከሰርቪሱ ስወርድ "አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ እመልስላቸዋለሁ። "ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልጨመርሽም" ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ያስቀጠርኳቸው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ከአካባቢው ሰው ጥበቃ ይቀጠር ተባለና ፎርም የምሞላው እኔ ሆንኩ። በርኖሳቸውን ለብሰው መስኮቴ ላይ ቆሙ።

"ዕድሜዎ ስንት ነው፣ አባቴ?" አልኳቸው።

"ስንት ነው የምትፈልጉት?"

"ከሃምሳ በላይ አይቀጠርም።"

"እንግዲያው ከሃምሳ በታች ነኛ" አሉ።

ሳቅኩ። ግን ፎርሙ ቁጥር ይፈልጋል። ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ዓመትዎ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ያኔ ሚስት አግብቼ አንድ ልጅ ወልጃለሁ አሉኝ። በጣቴ ቆጠርኩት፤ ወደ ሃምሳ ስምንት ግድም መጣልኝ። እጃቸውን አየሁት፤ ለአጥርም ለእርሻም ለቆረጣም የሚሆን እጅ ነበር። ደግሞ ያን ሰሞን ለጥበቃ ከተሰለፉት ሁሉ በሰዓቱ የመጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"ሃምሳ ልበል?" አልኳቸው።

"አንቺ ታውቂያለሽ።"

ሃምሳ ጠርዝ ላይ መስሎ ታየኝ። አንዱ አለቃ መልካቸውን አይቶ "እኚህማ ሃምሳን ዘለዋል" እንዳይል ፈራሁና አርባ ስምንት ጻፍኩ። "ሁለት ዓመት ለጥንቃቄ" አልኳቸው። እሳቸውም ጥንቃቄ ጥሩ ነው ብለው ፈረሙ። መታወቂያ ስላልነበራቸው ከፋብሪካው ደብዳቤ አጻፍኩላቸው። ቀበሌው ከደብዳቤያችን ላይ አርባ ስምንትን ገልብጦ መታወቂያ ሰጣቸው፤ እኛ ደግሞ መታወቂያቸውን አይተን ዕድሜያቸውን "በማስረጃ ተረጋግጧል" አልን። በእኔ ፎርም ከሆነ ሰውዬው ያገቡት በአሥር ዓመታቸው ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ በአገራችን ዕድሜ እንደየጉዳዩ የሚሰፋና የሚጠብ ነገር ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ሰው ጠቀምኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ከስምንት ዓመት በኋላ በሽታው መጣ። ፋብሪካው ኮሚቴ አቋቋመ፦ ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የፈረቃ ኃላፊው፣ ከሰበታ የምትመላለሰው የክሊኒካችን ነርስና እኔ። እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። በፋብሪካችን ወረቀት ያለበት ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን እውነት ለመናገር ሁላችንም ከልባችን ነበርን። ነርሷ ሌሊቱን ስታነብ አድራ ጠዋት በቀላ ዓይን ትመጣና "ይህን አድርጉ፣ ያን አድርጉ" ትለናለች፤ እናደርጋለን። ሰርቪሱ በወንበር አንድ ሰው ብቻ እንዲጭን ተወሰነ። ጥሩ ነበር፤ ግን እኛ ሰርቪሱ ጋ እስክንደርስ በታክሲ አራት አራት ሆነን ተጣብቀን እንመጣለን። ታክሲ ውስጥ ተጣብቀን ሰርቪስ ላይ ተራርቀን እንቀመጣለን። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን "በሽታው ሰርቪስ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚጠብቃችሁ?" ይለን ነበር።

ምሳም እንደዚያው። የማሸጊያ ሴቶች ከድሮም አምስት ስድስት ሆነው ምሳ ዕቃቸውን በአንድ ትሪ ገልብጠው ነው የሚበሉት። ኮሚቴው ሁሉም ለብቻው፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይብላ አለ። ሁለት ቀን ሞከሩት። በሦስተኛው ቀን ከባዶ ካርቶኖቹ ክምር ጀርባ ትሪያቸውን ዘርግተው አገኘኋቸው። አንዷ ጉርሻዋን እጇ ላይ እንደያዘች "ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል፤ ነይ ቅመሺ" አለችኝ። አልቀመስኩም። ለኮሚቴውም አልተናገርኩም።

አሁን ወደሚያደክመኝ ነገር ልምጣ። ኮሚቴው ካወጣቸው ደንቦች በጣም የምወደው አንድ ነበር፦ ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ የሆኑ፣ ስኳርና አስም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ደመወዛቸው ሳይነካ ቤታቸው ይቀመጡ የሚል። ዝርዝሩን ከፋይል የማወጣው እኔ ነኝ። ፋይሎቹን እያገላበጥኩ የኦቦ ፋይል ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። በወረቀት ሃምሳ ስድስት፣ በእውነት ስድሳ ስድስት። በሩ ላይ ቆመው የእያንዳንዳችን እጅ ላይ ሳኒታይዘር የሚረጩት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ጠዋትና ማታ የፋብሪካው ሰው በሙሉ ፊታቸው ላይ ነው የሚተነፍሰው።

በምሳ ሰዓት ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

"አባቴ፣ እውነተኛውን ዕድሜዎን ልናገርና ቤትዎ ይቀመጡ" አልኳቸው።

ዙሪያቸውን አዩ። "ጡረታዬስ?" አሉኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ነበር። ጡረታ የሚገኘው አሥር ዓመት ላገለገለ ነው፤ እሳቸው ስምንት ነው ያላቸው። ስድሳ ስድስት ነኝ ካሉ ፋብሪካው "እንግዲያው ዕድሜዎ አልፏል" ብሎ ሊያሰናብታቸው ይችላል ብለን ፈራን፤ እሳቸውም ፈሩ፣ እኔም ፈራሁ። እሳቸው ስለ ጡረታ፣ እኔ ደግሞ ስለ ፎርሙ።

"ሁለት ዓመት ናት የቀረችኝ" አሉ። "የገብስ መሬት የለኝ። ልጆቹም ለራሳቸው አልሆኑ። ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ኢንተላ ኮ? እቆማታለሁ።"

እሺ አልኩ። ዝርዝሩ ያለ እሳቸው ስም ወጣ።

ነርሷ ሞኝ አልነበረችም። ዝርዝሩን አይታ፣ ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና "በሩ ላይ ያሉት ሰውዬ እውነት ሃምሳ ስድስት ናቸው?" አለችኝ። የጠየቀችኝ ለመያዝ አልነበረም፤ ድምጿ ለስለስ ያለ ነበር። በትክክለኛ ሰዓት የተጠየቀ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

"ፋይሉ እንደዚያ ይላል" አልኳት።

ትንሽ ቆማ አየችኝና ወጣች። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላውቅም፤ በራሴ ድምፅ፣ ሳህን ሳጥብ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ ሰርቪስ ስጠብቅ።

ከዚያ በኋላ የማደርገው ሁሉ የጥፋተኛ ሰው ማካካሻ ነበር። በኮሚቴ ስብሰባ እሳቸው ወደ ኋላ በር ይዛወሩ ብዬ አነሳሁ። ኋላ በር ጥሬ ዕቃ የሚገባበት ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት መኪና ቢመጣ ነው፣ ሰው የለበትም። የፈረቃ ኃላፊው "ኋላ በር ከባዱን መዝጊያ የሚያነሳ ጉልበታም ያስፈልጋል። ደግሞስ ለምን? ሰውዬው ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ምን ሆኑ?" አለኝ። ምን እንደሆኑ የማውቀውም፣ መናገር የማልችለውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም" ብዬ ራሴ ጻፍኩ። ከዚያ ከስቶር ትርፍ ማስክ እያወጣሁ በየሳምንቱ እሰጣቸው ጀመር። አመስግነው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ግን ሁልጊዜ ያው የመጀመሪያው ነው፣ ከአፍንጫ በታች የወረደው።

የሙቀት መለኪያውንም ያዢ ተባልኩ። ሠራተኛው "ሽጉጡ" ይለዋል። ችግሩ የሱሉልታ ጠዋት ነበር። ሰው ከሰርቪስ ወርዶ በሩ ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ ግንባሩ ይቀዘቅዛል፤ መሣሪያው ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት ይላል። እሱ እንደሚለው ቢሆን ሁላችንም ሞተን ነበር። ነርሷ ሰዉ ግቢ ገብቶ ሩብ ሰዓት ይሙቅና ይለካ አለች፤ የፈረቃ ኃላፊው ማሽኑ ሩብ ሰዓት አይጠብቅም አለ። ስለዚህ እኔ ዝቅ ያለውን ሁሉ ሠላሳ ስድስት እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ቁጥር ማስተካከል ለምጄ የለ። ወረቀቴን ያየ ሁሉ እንዴት ያለ ጤነኛ ፋብሪካ ነው ይል ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ኦቦ ማሳል ጀመሩ። በሩ ላይ ሲያስሉ ፊታቸውን ወደ ግንቡ ያዞራሉ። ነርሷ ስትመጣ ትንፋሻቸውን ዋጥ ያደርጋሉ። "ብርድ ነው፤ ዳማከሴ ጠጥቻለሁ" ይሉኛል። አንድ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የለካሁት እሳቸውን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ያደረ ብርድ ነበር፤ ከሰርቪሱ የወረድነው ሁሉ በኋላ ስንለካ ሠላሳ ሦስትና ሠላሳ አራት ነው ያልነው። የእሳቸው ሠላሳ ስድስት ከስምንት አለ።

ወረቀት ላይ ጤነኛ ቁጥር ነው። በዚያ ብርድ፣ በእግራቸው ወንዝ ተሻግረው ለመጡ ሰው ግን እሳት ነው። ገባኝ። እሳቸውም እንደገባኝ ገባቸው። ዓይናቸውን ከመለኪያው አንስተው እኔን አዩኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል፣ ሰዉ እጁን እያፍተለተለ ይጠብቃል። "ደህና ነው" አልኩ። የሳኒታይዘሩን ጠርሙስ አንስተው ቦታቸው ቆሙ። የዚያን ቀን ከወረቀቱ ቁጥር ሁሉ ሳልነካው እንዳለ የጻፍኩት የእሳቸውን ብቻ ነው።

ከምሳ በፊት መሬት ላይ ቁጭ ብለው ተገኙ። ጀርባቸው በርሜሉን ተደግፎ፣ አፋቸው ተከፍቶ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ጣታቸው ላይ ኦክስጅን የምትለካውን ትንሿን መሣሪያ ሰካችና ቁጥሩን አይታ "መኪና" ብቻ አለች። በፋብሪካው ፒክአፕ ሆስፒታል ወሰዷቸው። እኔን አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ቡራዩ ከሰርቪስ ስወርድ ልጃቸው ደወለች። ሱሉልታ ገበያ አትክልት የምትሸጥ የመጨረሻ ልጃቸው ናት።

"እዚህ ዕድሜ እየጠየቁኝ ነው" አለች። "መታወቂያው ሃምሳ ስድስት ይላል። እናቴ ደግሞ ስድሳ ስድስት ነው ትላለች። የትኛውን ልበል? እሱን ብጠይቀው አይናገርም፤ ኦክስጅን አድርገውለታል። አንቺን ጠይቂ ብሎኝ ነበር ሲገባ።"

"ለሐኪም እውነቱን ንገሪ" አልኳት።

"ፋብሪካው አይሰማም?"

"አይሰማም።"

ስልኩን ዘግቼ መንገዱ ዳር ቆምኩ። እውነተኛው ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው እዚያ፣ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ከተደረገ በኋላ ነው። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከማዘኑ ይልቅ ድካሙ ነበር ያስለቀሰኝ፤ ሁሉን የማውቅ ሆኜ ምንም ያላደረግሁ ሰው መሆን እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ከማሸጊያ ክፍል ሦስት ሴቶች ታመሙ፤ ሦስቱም ዳኑ። እነሱ ከእሳቸው ይያዙ፣ እሳቸው ከእነሱ ይያዙ የሚያውቅ የለም። እሳቸው ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ቆዩ። ሲወጡ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሽተኛ መጠየቅ ክልክል ነው ብዬ በፋብሪካው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ብርቱካኔን አጥሩ ላይ አንጠልጥዬ ከውጭ ቆምኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ባለቤታቸው ወደ አጥሩ መጥተው፣ ከኪሱ ይህን አገኘን ብለው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አሳዩኝ። የሰጠኋቸው ማስክ ሁሉ ነው፤ አንዱም አልተፈታም። ለልጃቸው ነበር የሚያጠራቅሙት፤ ገበያ ውላ የምትመጣው እሷ ናት ብለው። እሳቸው ከደጃፉ እጃቸውን አንስተው "አከም ጅርታ?" ብለው እንዴት ነሽ ሊሉኝ ሞከሩ፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ነገሩ በሥራ ላይ የመጣ በሽታ ይባል አይባል ተከራከረ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ይባል አለ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ግን ሰውዬው ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳሉ፣ በር ላይ መያዛቸውን የሚያረጋግጥ የለም አለ። ነርሷ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ "ቀድሞውኑ በር ላይ መቆም አልነበረባቸውም።" ማረጋገጥ አልተቻለም ብዬ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። የሕመም ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በሩ ተመለሱ።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ እየላላ ሄደ። ማንም አበቃ ያለው አልነበረም። መጀመሪያ ሰርቪሱ ሞላ፤ ከዚያ ሽጉጡ ባትሪ ጨረሰና ማንም አልቀየረለትም፤ ከዚያ የበርሜሉ ፔዳል ተሰበረ። ዛሬ በርሜሉ ውስጥ የጽዳት ክፍሉ መጥረጊያውን ያቆምበታል። ሴቶቹ ትሪያቸውን ከካርቶኑ ጀርባ አውጥተው ወደ ቦታው መለሱ። ነርሷ ሌላ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ስትሰናበተኝ አቅፋኛለች፣ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። እሳቸው ግን እንዳሉት ሁለቱን ዓመት ቆሟት። ቆሟት ማለት ይከብዳል፤ ወንበር አስገብቼላቸው ተቀምጠዋት ነው።

አሥር ዓመት የሞላበት ቀን ጠዋት ወደ መስኮቴ መጡ። ፂማቸውን ተላጭተዋል፤ ለበዓል የሚለብሷትን ነጭ ሸሚዝ ከዩኒፎርሙ ሥር ለብሰዋል።

"ዛሬ ሞላ አይደል?" አሉኝ።

"ሞላ፣ አባቴ። እንኳን ደስ ያለዎት።"

በሳምንቱ ከሥራ አስፈቅጄ አብሬያቸው አዲስ አበባ ወርደን፣ የጡረታ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄድን። አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀበለን፤ ደግ ሰው ነበር፣ ወንበርም ሰጥቷቸዋል። አገላበጠውና "አገልግሎታቸው ሞልቷል። ዕድሜያቸው ግን ሃምሳ ስምንት ነው። የጡረታ መውጫው ስድሳ ነው፤ ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል" አለ።

አሥር ዓመቱን እያንዳንዷን ወር የምቆጥር ሰው፣ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ስድሳ ስድስቱን ስደብቅላቸው ስድሳው እንደሚያስፈልጋቸው ረስቼዋለሁ።

እዚያው ተናዘዝኩ። ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት ነው፣ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይቀጡኝ፣ ግን ይስተካከልላቸው አልኩ። ሰውዬው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

"እህቴ፣ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተሞላው ዕድሜ ነው የሚጸናው። ከዚያ በኋላ ማንም ሊለውጠው አይችልም። እሳቸውም፣ እናንተም፣ እኛም።"

"የዛሬ ሁለት ዓመት ብናገርስ ኖሮ?"

"ያኔም ያው ነው። ፋብሪካውም ቢሆን በዕድሜ ሊያሰናብታቸው አይችልም ነበር፤ ለእኛ እሳቸው ሃምሳ ስድስት ናቸው።"

በጤና ጉድለት ጡረታ እንዲወጡ የሐኪም ቦርድ ሞክሩ አለን። ሞከርን፤ ተቀምጠው ቀላል ሥራ መሥራት ይችላሉ የሚል ወረቀት ሰጡን። ጥበቃ ቀላል ሥራ ነው።

የዚያን ቀን ከጡረታ ቢሮው ወጥተን ደረጃውን ስንወርድ በየእርከኑ ይቆማሉ። እኔም አብሬ እቆማለሁ። ታች ስንደርስ መናገር አለብኝ አልኩ።

"አባቴ፣ ያኔ ለነርሷ እውነቱን ብናገር ኖሮ ቤትዎ ይቀመጡ ነበር። ጡረታዎንም የሚነካው አልነበረም። የፈራነው ሁሉ በከንቱ ነው።"

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ሃምሳ ልበል ብለሽኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ታውቂያለሽ ያልኩት እኔ ነኝ።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህንንም አላሰብኩትም ነበር። ያኔ ሃምሳ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ዛሬ ስድሳ ይሞላቸው ነበር። በዚያ ብርድ በር ላይ የሚቀመጡት የቀሩት ሁለት ዓመታት፣ እኔ ለጥንቃቄ ብዬ የቀነስኳቸው ሁለት ዓመታት ናቸው።

ይህን ስጽፍ ጥቂት ወራት ይቀራቸዋል። በእኔ ፋይል ስድሳ ሊሞሉ ነው፤ በእውነቱ ሰባ። ድሮ ሰርቪሱ ሲደርስ ቀድመው ቆመው የሚጠብቁን እሳቸው ነበሩ፤ አሁን የሚከፍትልን ሌሊቱን ያደረው ጥበቃ ነው። እኔ ቢሮዬ ገብቼ መስኮቱን እከፍታለሁ። ከወንዙ ወደ ፋብሪካው የሚወጣው ዳገት ከዚያ ይታያል፤ አጭር ዳገት ነው፣ ሦስት ጊዜ ያርፉበታል። መግቢያ ሰዓታቸው አሥራ ሁለት ነው። ስማቸው ፊት አሥራ ሁለት ሰዓት ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ እስኪደርሱ በመስኮቱ እያየሁ እጠብቃለሁ።